ይዞራል ግን አይነሳም፦ ፓምፑ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። መኪናው ያረጀ ነው፣ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም፣ አጠገብ የቆመ ሰው ደግሞ «የነዳጅ ፓምፕ ነው» ብሎ ፈርዷል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፓምፑ የሚወቀሰው ታንክ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖርና ማንም ስለማያየው ይመስለኛል። ስለዚህ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ አሳድሬ ዛሬ እሱን ብቻ ይዣለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? መኪናዬ የ1993 ሞዴል ነው፣ ቤንዚን፣ ኢንጀክሽን። ሁለት ሳምንት ቆሞ ነበር። ትናንት ላስነሳው ስል ሞተሪኖው ደህና አድርጎ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ልያዝ እንኳ አይልም። መኪና የሚያውቅ ጎረቤቴ «ፓምፑ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። ለመቀየር ደግሞ ታንኩ መውረድ አለበት ተባልኩ። ከመግዛቴ በፊት በራሴ ላረጋግጥ የምችለው ነገር አለ? ያለኝ ቴስተር፣ ካቻቢቴና ጥቂት መፍቻ ነው።

መልስ፦ አለ። አብዛኛውንም መኪናው ስር ሳትገባ ትጨርሰዋለህ።

መጀመሪያ የሚያሳፍረውን ጥያቄ እንገላገል። ታንኩ ውስጥ ነዳጅ አለ? ጌጁ ምን ይላል አላልኩህም። ያረጀ መኪና ጌጅ ይዋሻል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ሙሉ ሪሌ የሚባሉትን ትንንሽ የኮረንቲ ማገናኛዎች ስነቅልና ስሰካ ውዬ፣ ለካ ጌጁ ሩብ ላይ ተጣብቆ ታንኩ ደርቆ ኖሯል። የዚያን ቀን አጠገቤ የነበረው ሰው እስከ ዛሬ ሲያየኝ ይስቃል። አምስት ሊትር ጨምርበትና እንቀጥል።

ባትሪውንም በስሜት አትለፈው። ሞተሪኖው እየዞረ ባትሪው ላይ በቴስተር ለካ። ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ሞተሪኖው ደህና የዞረ ቢመስልም ለኮምፒውተሩና ለፓምፑ የሚተርፈው ኮረንቲ ላይበቃ ይችላል።

አሁን ጆሮህን አዘጋጅ። ሰው ጥራና ጋቢና አስገባው። ሬዲዮውም የአየር ማራገቢያውም ይጥፋ። አንተ የነዳጅ መሙያውን ክዳን ክፈትና ጆሮህን አስጠጋ፣ አካባቢው ሲጋራ የያዘ ሰው እንዳይኖር። ሰውየው ቁልፉን «ኦን» ላይ ብቻ ያድርገው፣ ሞተሪኖውን አያዙር። አብዛኞቹ ኢንጀክሽን (ነዳጁን በግፊት የሚረጩ) መኪናዎች በዚህች ቅጽበት ፓምፑን ለ2 ወይም ለ3 ሰከንድ ያሠሩታል፣ መስመሩ በግፊት እንዲሞላ። የምትሰማው ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ዓይነት ድምፅ ነው። «ዝዝዝ» ይልና ቀጥ ይላል። ካልሰማህ ቁልፉ ይጥፋ፣ 10 ሰከንድ ቆይቶ ይደገም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ሁሉም መኪና ቁልፍ ሲከፈት አያዜምም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ፓምፑን የሚያሠሩት ሞተሪኖው ሲዞር ነው፣ ቁልፉ «ኦን» ላይ ሲሆን ዝም ቢሉ ጤነኛ ናቸው። እነሱ ላይ ኮፈኑ ስር «ዲያግኖሲስ» የሚል ክዳን ያላት ትንሽ ሳጥን አለች። ቁልፉ «ኦን» ላይ ሆኖ «ኤፍፒ» እና «ቢ ፕላስ» የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ስታገናኝ ፓምፑ መሥራት አለበት። ቀዳዳ እንዳትሳሳት፣ ክዳኑ ላይ ያለውን ሥዕል ሁለት ጊዜ እይ።

ዝም ካለ ፓምፑ ሞቷል ማለት ነው? አይደለም። ኮረንቲ አልደረሰውም ይሆናል። ኮረንቲውን ከባትሪው ጀምረህ እስከ ታንኩ እግር በእግር ተከተለው።

ፊውዙን በዓይን ብቻ አትመን፣ ነቅለህ በቴስተር ለካው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ኖሯት ደህና የምትመስል ፊውዝ አለች። አዲስ ስታስገባ ወዲያው ከተቃጠለ ደግሞ ከበድ ያለ ፊውዝ ወይም ሽቦ እንዳታስገባበት። ወይ ገመዱ አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ነክቷል፣ ወይ ፓምፑ ደርቆ ተጣብቋል። ሁለት ሳምንት የቆመ መኪና ላይ አይጥ ገመድ በልታ ማግኘትም ብርቅ አይደለም።

ቀጥሎ ሪሌው። ጣትህን ጫን አድርግበትና ቁልፉን አስከፍት፣ «ጠቅ» ሲል ጣትህ ላይ ይሰማሃል። ጠቅ ማለቱ ብቻ ግን አይበቃም፣ ውስጡ ያለችው መገናኛ ተቃጥላ ጠቅ እያለ ኮረንቲ የማያሳልፍ ሪሌ ሞልቷል። የተሻለው ዘዴ መለዋወጥ ነው። ሪሌው ባለበት ሳጥን ውስጥ የጥሩምባው ሪሌ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ቁጥር አለው፣ ነቅለህ ቦታ አቀያይራቸው። መኪናው ከተነሳ ተገላገልክ፣ ጥሩምባ የሌለው ግን የሚሄድ መኪና አለህ። የቆዩ ሆንዳዎች ላይ ደግሞ ዋናው ሪሌ ውስጥ ያለው ብየዳ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። ጋቢናው ሲሞቅ መኪናው እምቢ ይላል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ባለቤቱም ያብዳል።

ግጭት ሲደርስ ፓምፑን የሚያጠፋ መቀየሪያም አለ። ብዙ ፎርዶች ላይ ከኋላ ሻንጣው ውስጥ ወይም ተሳፋሪው እግር አካባቢ ይገኛል። ያለ ግጭትም በትንሽ ጉብታ ሊዘል ይችላል፣ አናቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫናት ይመለሳል። ማንቂያ ደወል የተገጠመለት መኪና ከሆነም ጠርጥር፣ በኋላ የተጨመረ ደወል የፓምፑን ገመድ የሚቆርጥ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን ምንም ካልተገኘ የፓምፑን ሶኬት ፈልግ። ብዙ መኪና ላይ የኋላ ወንበሩን ስታነሳ ወይም የሻንጣውን ምንጣፍ ስትገልጥ ይገኛል። እግረ መንገድህን ክብ ክዳን ካየህ ደስ ይበልህ፣ ፓምፑ ታንኩ ሳይወርድ ከላይ ይወጣል ማለት ነው። ሶኬቱን ንቀልና ሰውየው ሞተሪኖውን ሲያዞር ኮረንቲ መድረሱን ፈትሽ። እዚህ ላይ ግን ከቴስተሩ ይልቅ የፍሬቻ አምፖል ሁለት ገመድ አስረህበት ተጠቀም። ቴስተር ምንም ኮረንቲ ስለማይጠጣ አንድ ክር ብቻ በቀረው ገመድም 12 ቮልት ያሳይሃል። አምፖሉ ግን አይዋሽም፣ ደብዘዝ ካለ ገመዱ ወይም ማሳው ተበልቷል። ማሳ የምለው ከፓምፑ ወደ መኪናው አካል የምትሄደዋን ኔጋቲቭ ገመድ ነው። ያረጀ መኪና ላይ ብሎኗ ትዝጋለች፣ ማንም አያያትም። ፈትተህ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋትና መልሰህ እሰራት።

አምፖሉ ቦግ ካለ፣ ሶኬቱን መልሰህ ስትሰካው ደግሞ ፓምፑ ዝም ካለ፣ አንድ የመጨረሻ ሙከራ አለችህ። ሰውየው ሞተሪኖውን ሲያዞር አንተ የታንኩን ሆድ በጎማ መዶሻ ወይም በእንጨት ኳ ኳ አድርገው። ጠንከር ያለ ምት አይደለም፣ በር የማንኳኳት ያህል። የፓምፑ ሞተር ውስጥ ያሉት ካርቦኖች ሲያልቁ ቆሞ የሰነበተ መኪና ላይ ፓምፑ ባለበት ይደርቃል፣ መንቀጥቀጡ ያስነሳዋል። በዚህ ከተነሳ ጎረቤትህ ልክ ነበር። ግን ደስ ብሎህ ሩቅ መንገድ እንዳትወጣ፣ ቀጥታ ፓምፕ ወደሚቀየርበት ሂድ። ኳ ኳውም ካልሠራ ፍርዱ ተሰጥቷል፣ ፓምፕ ግዛ።

ፓምፑ ሲያዜም ሰምተህ ከሆነስ? ያኔ ነገሩ ይጠማዘዛል፣ ምክንያቱም ማዜም ሌላ፣ መግፋት ሌላ ነው። ኢንጀክተር ያለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ባር ግፊት ይፈልጋል፣ ይሄ በጆሮ አይለካም። የግፊት ጌጅ መዋስ ከቻልክ ጥሩ ነው። ካልቻልክ ግምታዊ ግን ጠቃሚ መልስ የምትሰጥ ሙከራ አለች። ከአየር ፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ የካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ ለ2 ሰከንድ ንፋ፣ ቱቦውን መልስ፣ ፊትህን አርቅ፣ ከዚያ ይዙር። ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ከሞተ እሳት (የካንዴላው ብልጭታ) አለው፣ የጎደለው ነዳጅ ነው። ምንም ካላለ ካንዴላና ቦቢና (ለካንዴላው ኮረንቲ የሚሰጠው ጥቅል) ጋ ሂድ፣ ፓምፑን ተወው። ሞተሪኖው እየዞረ ስፕሬይ እንዳትነፋ። እሳት ወደ ኋላ የሚተፋ ሞተር ቅንድብ አይምርም።

ዳሽቦርድህ ላይ የዙር መቁጠሪያ ካለ ሞተሪኖው ሲዞር መርፌዋን ተመልከታት። ብዙ መኪና ላይ ትንሽ መንቀጥቀጥ አለባት። ድርቅ ካለች ሞተሩ መዞሩን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሴንሰር ሳይሞት አይቀርም። ኮምፒውተሩ «ሞተሩ አልዞረም» ብሎ ስለሚያምን እሳቱንም ነዳጁንም ይከለክላል፣ ፓምፑንም ያጠፋዋል። ስንት ደህና ፓምፕ በዚህ ምክንያት ተቀይሯል መሰለህ! ሞተሪኖው ከወትሮው ፈጥኖና ቀልሎ የሚዞር ከመሰለህ ደግሞ ማዞርህን አቁም። ታይሚንግ ቤልት የሚባለው የሞተሩ ቀበቶ ተበጥሶ ይሆናል።

ታንክ ከመውረዱ በፊት፦ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፣ ክፍት ቦታ ይሁን፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ እጅ አጠገብ ይቀመጥ። የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ እሳት ይይዛል፣ ከአየር ስለሚከብድም መሬት ለመሬት ይሄዳል። ተሰባሪ አምፖል ያለው የሥራ መብራት መኪናው ስር አታስገባ።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና ካርቡራተር ያለው የድሮ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ ስነካው ይነሳል። ከነዳሁት በኋላ ለ20 ደቂቃ አቁሜው ስመለስ ግን አሻፈረኝ ይላል። አንድ ሰዓት ካቆየሁት ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሳል። መካኒኩ ፓምፕ ነው አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ካርቡራተር ነው አለኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አትመኚ እህቴ። የአንቺ መኪና ሲሞቅ እንጂ ሲቀዘቅዝ አይታመምም፣ ስለዚህ መመርመር ያለበት እንደሞቀ፣ እምቢ ባለበት ሰዓት ነው። ቀዝቅዞ ጋራዥ ከደረሰ ሁሉም ነገሩ ደህና ሆኖ ይገኛል።

እምቢ ሲልሽ ኮፈኑን ክፈቺ። የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንስተሽ የካርቡራተሩን ጉሮሮ እዪ። በእጅሽ የነዳጅ ዘንጉን አንዴ ሳብ ስታደርጊው ቀጭን የቤንዚን ፍንጥቅታ መታየት አለበት። እዚህ ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል።

ፍንጥቅታው ካለና የቤንዚን ሽታው አፍንጫ የሚሰብር ከሆነ ሞተሩ አልተጠማም፣ ሰክሯል። ሞተሩ ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ ሙቀቱ ወደ ካርቡራተሩ ይወጣል፣ ውስጡ ያለው ቤንዚን ይፈላና ሞልቶ ወደ ሞተሩ ይፈሳል። ያኔ ነዳጁን ደጋግመሽ መርገጥ ነገሩን ያብሰዋል። ፔዳሉን አንድ ጊዜ እስከ ወለሉ ረግጠሽ እዚያው ያዢው፣ ሳትለቂ ሞተሪኖውን አዙሪ። አየር ገብቶ ያደርቀዋል፣ አንኳኩቶ፣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ይነሳል።

ጉሮሮው ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም። ካርቡራተር ያላቸው አብዛኞቹ የድሮ መኪናዎች ፓምፓቸው ታንክ ውስጥ አይደለም፣ ሞተሩ ጎን ላይ በሁለት ብሎን የታሰረች የእጅ መዳፍ የምታህል ብረት ናት። ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ካምሻፍት የሚባል ዘንግ ጉብታው ክንዷን ይገፋል፣ ውስጧ ያለችው ዲያፍራም የምንላት ጎማ ከፍ ዝቅ እያለች ነዳጁን ከታንክ ትስባለች። ግፊቷ ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ነው፣ በጣም ትንሽ። ጠላቷም ሙቀት ነው። ቤንዚን ውስጥ ያለው ቀላሉ ክፍል ከ40 ዲግሪ በታች መፍላት ይጀምራል። ሞተሩ አጠገብ የሚያልፈው ቧንቧ ውስጥ አረፋ ይሆናል፣ ፓምፗ ደግሞ አረፋ መሳብ አትችልም። እርጥብ ጨርቅ ፓምፗና ቧንቧው ላይ ጣል አድርጊና አምስት ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ ከተነሳ ጥፋቱ ታወቀ። መፍትሔው ሁልጊዜ አዲስ ፓምፕ አይደለም። ቧንቧው ከጭስ ማውጫው ራቅ ብሎ መታሰሩን አሳዪ። በፓምፗና በሞተሩ መሀል የምትገባ ወፈር ያለች ሙቀት መከላከያ ንጣፍም አለች፣ ከዚህ በፊት ፓምፕ የቀየረልሽ ሰው ሳይረሳት አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ፓምፗ ራሷ ደክማ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጠርሙስ ይበቃል። ይሄ ግን ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፣ በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ቤንዚን ማንጠባጠብ የለም። ከቦቢናው የሚመጣውን ወፍራም ገመድ ከዲስትሪቢዩተሩ ነቅሎ ከብረት ጋር ማሰር ነው፣ እሳት እንዳይዘል። የነዳጁን ጎማ ከካርቡራተሩ ላይ ፈትቶ ጠርሙስ ውስጥ መክተት፣ ከዚያ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። ነዳጁ በሁለት የሞተር ዙር አንዴ፣ ልብ እንደሚመታ «ጭር፣ ጭር» እያለ በጉልበት መምጣት አለበት። ከተንጠባጠበ ወይም በአረፋ ከመጣ ደግሞ ቸኩለሽ ፓምፗን አትውቀሺ። ከታንክ የሚመጣው ጎማ ከተሰነጠቀ ነዳጅ ሳይሆን አየር ነው የሚስበው፣ ውጭ ግን አንዲት ጠብታ አይታይም። አንድ ክንድ ጎማና ሁለት ፋሼታ (የጎማ ማሰሪያ ቀለበት) ፓምፕ ከመግዛት ይቀድማል።

ሁለት ነገር ጨምሬ ልተውሽ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተሽ አሽቺው። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ዲያፍራሟ ተቀድዳ ነዳጁን ወደ ዘይቱ እየሰጠችው ነው። ያኔ መኪናውን አታስነሺ፣ ፓምፗም ዘይቱም ይቀየር። ሌላው፣ እምቢ ሲልሽ የታንኩን ክዳን ክፈቺ። «ፉፉፉ» ብሎ አየር ከሳበ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፣ ታንኩ ውስጥ ባዶ አየር ተፈጥሮ ነዳጁን ይዞት ነበር። ይሄ የደረሰባቸው ሰዎች ፓምፕ፣ ካርቡራተርና ፊልትሮ ቀይረው ሲያበቁ ነው ክዳኑን የሚያስታውሱት።

እሳቱንም አትርሺው። ቦቢና ሲሞቅ ሞቶ ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ጸባዩ ልክ እንደ አንቺ መኪና ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ መኪናዬም እኩያዬ ሊሆን ምንም አልቀረው። ኢንጀክሽን ነው። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት የነዳጅ ፓምፕ አስቀየርኩ። ሁለተኛውም ይኸው ማልቀስ ጀምሯል። ዳገት ላይ ያንቀዋል፣ ትናንት ደግሞ ጭራሽ አልነሳም አለ። ዕቃው ነው የማይረባው ወይስ እኔ ነኝ ያልታደልኩት?

መልስ፦ አባቴ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም፣ ምናልባት አንድ ነገር ካልሆነ በቀር። ታንኩን ስንት ላይ ሲደርስ ነው የሚሞሉት? ታንክ ውስጥ ያለ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው ተዘፍቆበት ባለው ነዳጅ ነው። ቀይ መብራቱ እየበራ የመንዳት ልማድ ካለ ፓምፑ ራቁቱን ይሠራል፣ ይግላል፣ ቶሎ ያረጃል። ከሩብ በታች ባይወርድ ይመረጣል።

ግን ሁለት ፓምፕ በስድስት ወር በዚህ ብቻ አይሞትም። እኔ የምጠረጥረው ታንኩን ነው። ያረጀ ታንክ ውስጡ ይዝጋል፣ ዝገቱ እንደ ቡና አተላ ከታች ይዘቅጣል። ፓምፑ እግር ላይ ካልሲ የምትመስል ማጣሪያ አለች፣ ዝገቱ እሷን ይደፍናታል። ፓምፑ በተደፈነ አፍንጫ እንደሚተነፍስ ሰው እየታገለ ይሠራል፣ የሚያለቅሰውም ለዚህ ነው። መካኒኩ ፓምፑን ሲያወጣ ታንኩን አጥቦት ነበር? ካልሲዋንስ ቀይሯታል? የድሮዋን ካልሲ አዲስ ፓምፕ ላይ መልሶ ማልበስ የተለመደ ጥፋት ነው። የወጣውን ፓምፕ ይዘው ከሆነ ካልሲውን ነጭ ጨርቅ ላይ ያራግፉት፣ ቀይ ብናኝ ካዩ መልሱን አገኙት። ከታንክ ውጭ ያለው የነዳጅ ፊልትሮም አብሮ መቀየር አለበት፣ ዳገት ላይ የሚያንቀው እሱም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ኮረንቲው ነው። ሞተሩ በርቶ ፓምፑ ጋ የሚደርሰው ቮልት ባትሪው ላይ ካለው በ1 ቮልት እንኳ ካነሰ መንገድ ላይ የሚበላው ነገር አለ። ታንኩ ላይ ያለው ሶኬት ተነቅሎ እግሮቹ ይታዩ። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ አዲስ ፓምፕ እዚያው ላይ መሰካት ትርፉ ሦስተኛ ፓምፕ መግዛት ነው።

ሦስተኛዋ ደግሞ ትንሽ ናት፣ ግን እኔን ራሴን አስለቅሳኛለች። ታንኩ ውስጥ ፓምፑን ከብረት ቧንቧው ጋር የምታገናኝ የጣት ርዝመት ያላት ጎማ አለች። የእኔን የሠራልኝ ሰው ኮፈን ስር የሚውለውን ተራ የነዳጅ ጎማ ቆርጦ ገጠመ። ያ ጎማ የተሠራው ነዳጅ በውስጡ እንዲያልፍ እንጂ ነዳጅ ውስጥ ተዘፍቆ እንዲኖር አይደለም። ከጥቂት ወር በኋላ አብጦ፣ ለስልሶ፣ ጎኑ ተሰነጠቀ። ፓምፑ በደንብ ያዜማል፣ ነዳጁ ግን ከታንክ ወጥቶ ታንክ ውስጥ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ፓምፕ ገዛሁ! ነዳጅ ውስጥ ለመዘፈቅ የሚሆን ጎማ ለብቻው አለ፣ ሲገዙ እንደዚያ ብለው ይጠይቁ።

አሁን ያለውን ፓምፕ ከመቀየርዎ በፊት አንድ ነገር ያስለኩልኝ። ነዳጁ ዕቃ ውስጥ እየፈሰሰ ፓምፑ ለ30 ሰከንድ ይሠራ። በደፈናው ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ መምጣት አለበት። ከዚያ ካነሰ መጀመሪያ ካልሲው፣ ፊልትሮውና ኮረንቲው ይታዩ፣ ፓምፑ መጨረሻ ይምጣ።

ጥያቄ፦ ጠዋት በአንዴ አይነሳም። ቁልፉን ሦስት ጊዜ ከፈት ዘጋ ካደረግኩ በኋላ ግን እንደ አዲስ ይነሳል። እንዲህ እያደረግኩ ብኖር ችግር አለው?

መልስ፦ ቁልፉን በከፈትክ ቁጥር ፓምፑ ለ2 ሰከንድ ስለሚሠራ በሦስተኛው ግፊቱ ይሞላል። ማደር የነበረበት ግፊት ሌሊቱን ሾልኮ ያድራል ማለት ነው። ወይ ፓምፑ ውስጥ ያለችው የማትመልስ ቫልቭ አትዘጋም፣ ወይ የግፊት መቆጣጠሪያው ያሾልካል፣ ወይ አንዱ ኢንጀክተር ያንጠባጥባል። መጀመሪያ መቆጣጠሪያው ላይ የተሰካችውን ቀጭን የአየር ቱቦ ንቀልና አሽትት። ውስጧ ቤንዚን ካለ እሱ ነው፣ እሱም በቶሎ ይቀየር፣ ሞተሩ ጥሬ ነዳጅ እየጠጣ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ኢንጀክተር የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጠዋት ሲነሳ ጥቁር ጭስና ሽታ ይኖረዋል። ጭስም ሽታም ከሌለ የፓምፑ ቫልቭ ናት። በሷ ምክንያት መንገድ ላይ አትቀርም፣ ከፈት ዘጋ እያደረግክ ኑር። ጌጅ የተገኘ ቀን አስለካው።

ጥያቄ፦ የእኛ የድሮ ናፍጣ ነው። ነዳጅ አልቆበት ቆመ። ሞላንለት፣ አሁን ግን ባትሪው እስኪያልቅ ብናዞረው አይነሳም። ፓምፑ ተቃጠለ?

መልስ፦ አልተቃጠለም፣ አየር ገባበት። ናፍጣ ሲያልቅ መስመሩ አየር ይስባል፣ መርጫ ፓምፑ ደግሞ አየር ጨምቆ ነዳጅ መርጨት አይችልም። ባትሪውን ቻርጅ አድርጉና ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ፈልጉ። አጠገቧ ያለችውን የማስተንፈሻ ብሎን ላላ አድርጋችሁ የእጅ ፓምፗን ተጫኗት። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ቀጥሎ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲመጣ እየተጫናችሁ ብሎኑን አጥብቁት። የእጅ ፓምፗ እየጠነከረች ትመጣለች፣ ስትደርቅባችሁ በቃ። ከዚያ ለ10 ሰከንድ አዙሩ፣ ሞተሪኖውን አሳርፉ፣ ድገሙ።

ስታዞሩ የጭስ ማውጫውን የሚያይ ሰው ይኑር። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ሊነሳ ነው፣ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን አሙቁና ሞክሩ። ምንም ጭስ ከሌለ ቁልፉን ስትከፍቱ መርጫ ፓምፑ ላይ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማ እንደሆነ አዳምጡ፣ ብዙዎቹ ላይ ነዳጁን የምትከፍተው በኮረንቲ የምትሠራ ማቆሚያ እዚያ ናት። ጠቅ ካላለች ገመዷን እዩ። ጠቅ ካለች ደግሞ የኢንጀክተሮቹን ቧንቧ ብሎኖች በግማሽ ዙር አላልታችሁ ናፍጣ እስኪያለቅሱ አዙሩና አጥብቋቸው። ይሄን የምለው ለድሮው ናፍጣ ብቻ ነው። ኮመን ሬይል የሚባለው አዲሱ ላይ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ እዚያ ላይ መፍቻም ጣትም እንዳታሳርፉ።